እግርና አፈር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ መንገድ ቢነገር ማንም አይደነቅም፤ እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የአጥንት ሐኪም ይሆናል። ርእሱን አስቀድመው የሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼ «አንተ መሐንዲስ ነህ፤ ከሐኪም ቤት ምን አገባህ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን ከፊት ላስቀድም።

ይህ ሐኪም ሙያው የታመመ እግርን በቀዶ ሕክምና መጠገን ነበር። በአገራችን ሳለ ግን የአንድን የእግር በሽታ መነሻ ሲፈልግ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወደ ገበያ፣ ከገበያው ወደ እርሻ፣ ከእርሻውም ወደ ድንጋዩና ወደ አፈሩ ወረደ። መልሱንም ያገኘው እዚያ ነው። አፈር ደግሞ እኛ በየቀኑ የምንቆፍረው፣ የምንነፋው፣ የምንደለድለውና የምንጠቀጥቀው የሙያችን ዕቃ ነው። ስለዚህ እርሱ ከጀመረው ሥራ ግማሹ በሐኪሞች እጅ፣ ግማሹ ደግሞ በእኛ እጅ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በዚሁ አስታውቃለሁ።

የአጥንት ሐኪምና የግንበኛ ዝምድና

በልጅነቴ በየጁቤ የአጥንት ሐኪም ማለት ወጌሻ ነበር። ከበቅሎ የወደቀውን፣ ከዛፍ ወድቆ የተሰበረውን፣ ወለም ያለውን ሁሉ እያሸና በቀርከሃ ስንጥር እያሰረ የሚያድን፣ ሙያውን ከአባቱ የተማረ ሰው ነው። የዘመናዊው የአጥንት ሐኪም ትምህርት ከዚህ እጅግ የሰፋ ቢሆንም የሥራው ጠባይ አልተለወጠም። መጋዝ፣ መሰርሰሪያ፣ መዶሻና ብሎን ይይዛል፤ ስለ ሸክም፣ ስለ ግፊትና ስለ ሚዛን ያስባል። በዚህ ረገድ ከሐኪሞች ሁሉ ለመሐንዲስ የቅርብ ዘመድ እርሱ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዶክተር ፖል ብራንድ ነው። ብራንድ በ1914 በሕንድ አገር ከእንግሊዛውያን ወላጆች ተወለደ። ሕክምና ከመማሩ በፊት በእንግሊዝ አገር ግንበኝነትና አናጢነት ተምሯል። በ1946 ወደ ሕንድ ተመልሶ በቬሎር ከተማ የሕክምና ኮሌጅ ሲሠራ፣ በሥጋ ደዌ የተኮማተሩ እጆችንና የተልፈሰፈሱ እግሮችን ጅማት እያዛወረ ማቃናት ጀመረ። ከዚህም ጋር አንድ የብዙ ዘመን እምነት አፈረሰ። ሰው ሁሉ ያምን የነበረው በሽታው ሥጋን እየበላ ጣት እንደሚያስቆርጥ ነበር። ብራንድ ግን በሽታው የሚገድለው ስሜት የሚያስተላልፈውን ነርቭ መሆኑን፣ ጣት የሚጠፋውም ባለቤቱ ሳይሰማው በሚደርስበት ቃጠሎ፣ ቁስልና ግፊት መሆኑን አስረዳ። ሕመም ማለት የሰውነት ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ሲሞት ቤቱ ይዘረፋል።

ይህ ግኝት እግርን ወደ መሐንዲስ ቋንቋ አመጣው። በውስጥ እግር ላይ የሚወጣው ቁስል የግፊት ጉዳይ ሆነ። ግፊት ደግሞ ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። አንድ ሰው በሚራመድበት ጊዜ ክብደቱ በጥቂት የአጥንት ጫፎች ላይ ካረፈ ቆዳው ይፈርሳል፤ በሰፊው ከተሰራጨ ግን ይድናል። እኛ የዓምድን ሸክም በሰፊ መሠረት ለመሬት እንደምናካፍል ሁሉ፣ ለእነዚህ ሕሙማን ጫማ የእግር መሠረት ሆነላቸው። ስለዚህ የሥጋ ደዌ የቀዶ ሐኪም ከቢላዋው ይልቅ ስለ ጫማው ሶል የሚጨነቅ ሰው ለመሆን በቃ።

በ1965 በአዲስ አበባ፣ በተለምዶ ዘነበ ወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ ዛሬ ሁላችን አለርት ብለን የምንጠራው ለመላው አፍሪካ የሚያገለግል የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲቋቋም የዚህ ትምህርት ወራሽ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ጎን የጫማና የሰው ሠራሽ አካል መሥሪያ ክፍል ነበረው። የዛሬው ንግግሬ ባለ ታሪክ የሆነው ብሪታንያዊው የቀዶ ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስም ያገለገለው በዚሁ ማዕከል ነው። ወደ አገራችን ከመምጣቱ በፊት በናይጄሪያ ስለ ሥጋ ደዌ ሕሙማን የውስጥ እግር ቁስል ሰፊ ጥናት አድርጎ ነበር። እግርን፣ ጫማንና መሬትን አንድ ላይ አድርጎ ማየት ለእርሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

ሌላው እግር

በአለርት ደጃፍ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር ተቀላቅለው የሚመጡ ሌሎች ሕሙማን ነበሩ። እግራቸው ከጉልበት በታች አብጦ፣ ቆዳው ጠጥሮና እንደ ሽበት ሣር ተንጨባርሮ፣ ጣቶቻቸው በእብጠት ተውጠው ይታያሉ። እኛ በአማርኛ ዝሆኔ የምንለው ነው። እነዚህ ሰዎች ስሜታቸው አልጠፋም፤ እንዲያውም ሥቃዩን አብዝተው ይሰማሉ። ሆኖም ሕዝቡ ሁለቱን በሽታዎች በአንድ ዓይን ስለሚያያቸው፣ ሕሙማኑም ሌላ የሚቀበላቸው ሐኪም ቤት ስለማያገኙ ወደዚያው ይሄዱ ነበር።

በዚያ ዘመን የሕክምና መጻሕፍት ስለ ዝሆኔ የሚሰጡት ማብራሪያ ትንኝ የምታስተላልፈው ፊላሪያ የተባለ ቀጭን ትል ነው የሚል ነበር። ይህ ትል በእርግጥ በዓለም በብዙ ቆላ አገሮች አለ፤ በእኛም አገር እንደ ጋምቤላ ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ይገኛል። የፕራይስ ሕሙማን ግን የሚመጡት ከደጋና ከወይና ደጋ ነበር። ደማቸው ሲመረመር ትሉ አልተገኘም። በትሉ የሚመጣው እብጠት ብዙ ጊዜ ከላይ ሲጀምር፣ የእነርሱ የሚጀምረው ከእግር ጣትና ከውስጥ እግር ነበር። ከዚያም እየወጣ ከጉልበት በታች ይቆማል።

አንድ የቀዶ ሐኪም በዚህ ጊዜ ሊያደርግ የሚችለው የታወቀ ነገር ነበረ። ያበጠውን ሥጋ ቆርጦ ማንሣት፣ በቦታውም ከሌላ የሰውነት ክፍል የተወሰደ ቆዳ መለጠፍ። ይህ ዓይነቱ ከባድ ቀዶ ጥገና ግን ውጤቱ የሚያስደስት አልሆነም። ሕመምተኛው ወደ መንደሩ ተመልሶ በባዶ እግሩ ማረስ ሲጀምር እብጠቱ ይመለሳል፤ በጠባሳው ምክንያትም ከቀድሞው የባሰ ሥቃይ ያመጣል። እኛ በሙያችን ይህን ጠንቅቀን እናውቀዋለን። ከሥሩ ውኃ የሚሸረሽረውን የድጋፍ ግንብ ምንም ያህል አሳምረን ብንለስነው የሚፈርስበትን ቀን ማራዘም ብቻ ነው። ፕራይስ የሠራው ሥራ የሚደነቀው ልስኑን ትቶ ወደ ሥሩ ለመውረድ በመቁረጡ ነው።

ገበያ እንደ ቤተ ሙከራ

በሽታው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ በመጀመሪያ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪም ቤት የሚመጣው በሽተኛ ግን የሕዝቡን መጠን አያሳይም፤ መንገድ ያለው፣ ገንዘብ ያለው፣ ኀፍረቱን ያሸነፈ ብቻ ነውና። ስለዚህ ገበያ ተመረጠ። ኦመን የተባለ ሐኪም በ1969 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ገበያዎች የሚያልፈውን ሕዝብና በመካከሉ ያለውን ያበጠ እግር በመቁጠር የበሽታውን ስርጭት አሳይቶ ነበር። ፕራይስም ይህንኑ መንገድ ተከተለ።

ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይደለም። መንገድ ከመንደፋችን በፊት መስቀለኛው ላይ ሰው አስቀምጠን ተሽከርካሪ እንደምናስቆጥር ሁሉ፣ እነርሱም በገበያው መግቢያ ቆመው እግር ቆጠሩ። ገበያ ደግሞ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። የጁቤን የመሰለች የገጠር ከተማ ገበያ ሲቆም የአካባቢው ሰው ሁሉ፣ ከደገኛው እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ ያለው፣ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ይገናኛል። ማንም በግድ አልተጠራም፤ ማንም ለምርመራ አልተሰለፈም።

ቁጥሮቹ በካርታ ላይ ሲሰፍሩ አንድ ነገር ታየ። በሽታው በአንዱ ገበያ እጅግ ይበዛል፤ የአንድ ቀን መንገድ በሚያስኬደው በሌላው ገበያ ደግሞ ፈጽሞ ይጠፋል። ምግቡ ያው ነው፤ ኑሮውም፣ ባዶ እግርነቱም ያው ነው። ልዩነቱ ከእግር በታች ነበር። በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በተለይም ከባዛልት፣ በተፈጠረው ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ሲሆን፣ ቦታውም ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ ያለና በዓመት ከ1000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ ነበር። ፕራይስ ይህን የአፈርና የአየር ንብረት ዝምድና በ1974 አሳተመ። በ1976 ደግሞ ያው ዝምድና በምሥራቅ አፍሪካ እሳተ ገሞራማ አገሮች ጭምር መኖሩን የሚገልጸውን ጥናት አወጣ፤ ቆይቶም ፍለጋውን እስከ ካሜሩን ደጋ አደረሰ።

ስለ ሰውየው የግል ኑሮ ብዙ ለመናገር አልፈልግም። ነገር ግን ሥራዎቹን ተከታትሎ ላነበበ ሰው የልቡ ዝንባሌ ግልጽ ነው። ከሙያው ክልል ውጭ በነበሩት በሦስት ነገሮች ተይዞ ነበር፤ እነርሱም ካርታ፣ ድንጋይና የቤተሰብ የዘር ሐረግ ናቸው። አጥንት ሐኪም ስለ ባዛልት አፈጣጠር ሲያነብ ቢታይ ባልደረቦቹ «ለራሱ መዝናኛ ነው» ሊሉት ይችሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሥራ መፍቻ ነው ተብሎ የሚናቀው ዝንባሌ አንዳንድ ጊዜ ዋናውን ሥራ የሚያቃና መሣሪያ ሆኖ እንደሚገኝ የእርሱ ታሪክ ይመሰክራል።

ከ200 ቁጥር ወንፊት በታች

በካርታ ላይ የሚታይ ዝምድና ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። አፈሩ በእርግጥ ወደ ሰውነት የሚገባ ከሆነ በሰውነት ውስጥ መገኘት አለበት። ፕራይስ ወደ ቀዶ ሕክምናው የተመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። ሰው እግሩ ሲመርዝ በብሽሽቱ ንፍፊት እንደሚወጣበት ሁላችን እናውቃለን። ይህ ዕጢ ከእግር የሚመጣውን ፈሳሽ የሚያጣራ ማጥለያ ነው። ከባዶ እግር ሰዎች የተወሰደው ዕጢ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና በኤክስሬይ ትንተና ሲመረመር፣ ባዕድ ነገር በሚውጡት ሕዋሳት ውስጥ እንደ ሲሊኮንና አሉሚኒየም ያሉ የአፈር ንጥረ ነገሮችን የያዙ ቅንጣቶች ተገኙ። ከሔንደርሰን ጋር ያደረገው ይህ ሥራ በ1978 ታትሟል።

የቅንጣቶቹ መጠን ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ይህን በእኛ መለኪያ እንየው። በአፈር ቤተ ሙከራችን የመጨረሻው ደቃቅ ወንፊት፣ ባለ 200 ቁጥሩ፣ ቀዳዳው 75 ማይክሮን ነው። በእርሱ ያለፈውን ሁሉ በተለምዶ «ደቃቅ» ብለን በአንድ ላይ እንመዘግበዋለን፤ ካስፈለገም በውኃ በጥብጠን በሃይድሮሜትር አዘቃዘቁን እንለካለን። በሽታውን የሚያመጣው ክፍል እንግዲህ እኛ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ፈተና ሳናደርግለት የምናልፈው፣ ከወንፊቱ ቀዳዳ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ያነሰው ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። ከዓመት ወደ ዓመት የፈሳሹ መተላለፊያ ቦዮች እየተቆጡ፣ እየጠበቡ በመጨረሻም ይደፈናሉ። ፈሳሹም መውጫ አጥቶ እግሩ ያብጣል። የፍሳሽ ቦይ በደለል ሲሞላ የሚሆነውን የሚያውቅ መሐንዲስ ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም።

ፕራይስ በ1988 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ለበሽታው አዲስ ስም አወጣለት፤ «ፖዶኮኒዮሲስ» አለው። ቃሉ የግሪክ ሲሆን እግርንና ትቢያን ያጣመረ ነው። የስሙ አወጣጥ በዘፈቀደ አይደለም። በድንጋይ መፍለጫና በዋሻ ሥራ ላይ የድንጋይ ብናኝ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያመጣውን ሕመም ሐኪሞች በተመሳሳይ ቃል ይጠሩታል። ስለዚህ ፕራይስ «ይህ የእግር ሲሊኮሲስ ነው» እንዳለ ይቆጠራል። በ1990 ሥራውን በአንድ መጽሐፍ ጠቅልሎ አሳተመ።

እውነቱን ለመናገር ባዶ እግርን የጠረጠረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ አይደለም። ሮብሌስ የተባለው የጓቴማላ ሐኪም በ1924 ይህንኑ በሽታ የባዶ እግሮች በሽታ ብሎት ነበር። በአውሮፓም አንዳንድ አገሮች በሽታው በጥንት ዘመን ነበረ፤ ያለ መድኀኒትና ያለ ክትባት የጠፋውም ገበሬው ጫማ ማድረግ በጀመረ ጊዜ ነው። ፕራይስ የጨመረው ጥርጣሬውን ወደ ማስረጃ መለወጡን ነው።

የጎጃም እግር

እስካሁን የተናገርሁት የሩቅ ታሪክ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ይህ ታሪክ የእኛ አገር ታሪክ ነው፤ በተለይም የጎጃም ነው። የጎጃም ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት ላይ የቆመ ነው። የጮቄ ተራራ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ዝናቡ ብዙ ነው፤ አፈሩም ከብቸና ጥቁር መሬት አንሥቶ በየኮረብታው ወገብ እስካለው ቀይ መሬት ድረስ ድንጋዩ በስብሶ የሰጠን ሀብት ነው። ያው ሀብት እህሉንም እብጠቱንም ያመጣል።

በ2012 በታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ ከመቶው 3.3 የሚሆነው ይህ በሽታ እንዳለበት ታውቋል። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2013 በተደረገው ጥናት 129,959 ሰዎች ታይተው ከመቶ አዋቂዎች አራቱ ሕሙማን ሆነው ተገኝተዋል። ከዚህም በመነሣት በመላው ኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጡ አዋቂዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ተገምቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል የቆጠረው በ2011 ነው። ሕሙማኑም አብዛኞቹ በጉልበታቸው የሚያድሩ፣ ማረስና መሸከም የሚገባቸው ሰዎች ናቸው።

በመንደራችን ስለ ዝሆኔ የሚነገረው ሌላ ነው። አንዱ እባብ ረግጦ ነው ይላል፤ ሌላው መርገም ነው፣ ምች ነው፣ የሰው እጅ ነው ይላል። አብዛኛው ሰው ግን «በዘር ነው» ይላል። ስለዚህ ሕመምተኛው ለግብዣ አይጠራም፤ ልጁም እግሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ለጋብቻ አይፈለግም። በየጁቤ አካባቢ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ የሚያስቀድሱ አንድ አዛውንት አውቅ ነበር። «ለምን አይገቡም?» ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ እግሬ ያጸየፋል ብዬ ነው» አሉኝ። ማንም አልከለከላቸውም፤ ራሳቸውን የከለከሉ ራሳቸው ናቸው።

በዘር ነው የሚለው አባባል ፈጽሞ ከንቱ እንዳልሆነ ግን መመስከር ይገባል። ፕራይስ ራሱ በ1972 የቤተሰቦችን የዘር ሐረግ መርምሮ የዝምድና ዝንባሌ ሊኖር እንደሚችል ጽፎ ነበር። በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ባደረጉት የዘረመል ጥናት አንዳንድ ሰዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ለበሽታው የተጋለጡ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። በአንድ መሬት ላይ በባዶ እግራቸው ከሚኖሩ መቶ ሰዎች ጥቂቶቹ ብቻ የሚታመሙትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን አፈሩ ካልነካው ዘሩ ብቻውን ማንንም አያሳምምም። ደረቅ ጭድ ያለ እሳት አይነድምና። ስለዚህ የሕመምተኛውን ልጅ ከጋብቻ ማራቅ በደል ብቻ ሳይሆን ጥቅም የሌለው በደል ነው፤ የሚጠቅመው ለልጁ ገና በጠዋቱ ጫማ ማልበስ ነው።

የታመመውስ? ለእርሱም ተስፋ አለው። ሕክምናው እግርን በየዕለቱ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በጥቂት በረኪና በተበረዘ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቆዳውን ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግና ካልሲና ጫማ መልበስ ነው። ይህ ቀላል ነገር እውነት ይሠራል ወይ ተብሎ በትክክለኛ የሳይንስ ሥርዓት የተፈተነው ሩቅ አገር አይደለም፤ ከየጁቤ ወረዳ ከባሶ ሊበን ጋር በሚዋሰነው በአነደድ ወረዳ ነው። ሔኖክ ንጉሤና ባልደረቦቹ በ2018 ባሳተሙት ጥናት 696 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፍለው ለአንድ ዓመት ታይተዋል። በዚህ በሽታ እግር በየጊዜው እየተቆጣ፣ ትኩሳት እያመጣ ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል። ሕክምናው የተሰጣቸው ሕሙማን በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲታመሙ፣ ገና ያልተሰጣቸው 23.9 ጊዜ ታመዋል። ልዩነቱ አራት ጊዜ ተኩል መሆኑ ነው። በእርሻ ወራት አራት ጊዜ ከአልጋ መዳን ለገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻኝም።

ከእኛ የሚጠበቀው

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ሐኪሙ የሚለው «ታጠብ፣ ተጫማ፣ ከአፈር ራቅ» ነው። የመታጠቢያው ውኃ፣ የሚቆምበት ወለልና የሚሠራበት የሥራ ቦታ ግን ሐኪሙ የሚያዝዛቸው ነገሮች አይደሉም። እነዚህ በእኛ ንድፍ፣ በእኛ የዋጋ ዝርዝርና በእኛ ፊርማ የሚወሰኑ ናቸው። አራት ነጥቦች አቀርባለሁ።

አንደኛው የሥራ ጫማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ ነበርሁ። በክረምት መግቢያ ከመቶ የማያንሱ የቀን ሠራተኞች ቀዩን አፈር እየቆፈሩ ቦይ ያወጣሉ። የሚበዙት በባዶ እግራቸው ነበሩ፤ የቀሩት በረባሶ ወይም የተቀደደ ኮንጎ አድርገዋል። ጫማ እንዲሰጣቸው ሥራ ተቋራጩን በጽሑፍ ብጠይቅ የመጣልኝ መልስ «በውሉ ውስጥ ዋጋ የተያዘለት የለም» የሚል ነበር። ውሉን ገልጬ ባየው እውነትም ለራስ ቁር በስም ተጠቅሷል፤ ለጫማ ግን «ተገቢ የደኅንነት ዕቃ» ከሚል ደፋና ቃል በቀር አንዳች አልነበረም። ድንጋይ ከላይ ሊወድቅ እንደሚችል አስበናል፤ አፈር ከታች ሊገባ እንደሚችል ግን አላሰብንም። ስለዚህ በቀይ አፈር አገር በሚሠራ ሥራ ሁሉ እግርን የሚሸፍን ጫማ በሥራ መጠንና በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ዋጋ ተይዞለት፣ ሲታደልም እየተቆጠረ እንዲከፈል ሐሳብ አቀርባለሁ። በዝርዝር ውስጥ የሌለ ነገር በሥራ ቦታም እንደማይኖር ሁላችን እናውቃለን።

ሁለተኛው ውኃ ነው። እግርን በየቀኑ እጠብ ማለት ውኃ ከሩቅ በጀርባ ለሚቀዳበት ቤት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ሐኪሞች በበኩላቸው ጥረት አድርገዋል፤ በመዘፍዘፊያው ውኃ ላይ ግሊሰሪን በመጨመር የሚፈለገውን ውኃ ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ለማውረድ የሚያስችል ዘዴ ፈትነው ውጤቱን በ2017 አሳትመዋል። ሐኪም ውኃ ለመቆጠብ እንዲህ ከተጨነቀ፣ የውኃ መሐንዲስ የቦኖውን ቦታ ሲመርጥ የሕሙማኑን ቤት ቢያስብ ብዙ አይሆንበትም። ያበጠ እግር ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ርቀቱ ለእርሱ እጥፍ ነው።

ሦስተኛው ወለል ነው። ጫማ የሚያደርገው ገበሬ እንኳ ቤቱ ሲገባ ያወልቀዋል፤ ልጆቹም የሚድሁት በዚያው የአፈር ወለል ላይ ነው። በትምህርት ቤቶች፣ በጤና ኬላዎችና በገበያ ቦታዎች ወለሉን በድንጋይ ንጣፍ፣ በሲሚንቶ ወይም በኖራ በተረጋጋ አፈር መሸፈን በእኛ ዘንድ የማስዋብ ሥራ ተደርጎ ይታያል፤ ገንዘብ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ ነው። በእነዚህ አገሮች ግን ወለል የጤና ሥራ መሆኑ ታውቆ የሚሰረዘው ሌላ ይሁን።

አራተኛው ምንም ወጪ የማይጠይቀው ነው። እያንዳንዱ የመንገድ ሥራ ሲጀመር በየተወሰነው ርቀት ጉድጓድ ቆፍረን አፈር እንመረምራለን፤ የገረጋንቲ ማውጫም ስንፈልግ ተራራውን ሁሉ እንፈትሻለን። የቅንጣት መጠኑን፣ የሸክላውን ድርሻና የመለጠጥ ጠባዩን ለክተን፣ ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን ከመደርደሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን። በሌላ በኩል የጤና ተመራማሪዎች በ2014 በጎጃም አፈር ላይ ባደረጉት ጥናት በሽታው ስሜክታይት፣ ሚካና ኳርትዝ ከተባሉት ማዕድናት መጠን ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጸዋል። ስሜክታይት ማለት በየዓመቱ መንገዳችንን የሚያሰነጥቀው የሚያብጥ ሸክላ ነው። ከማዕድናቱ ዋናው ጥፋተኛ የትኛው ነው የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም፤ ለዚህም አፈር ያስፈልጋል። እነርሱ በብዙ ድካም የሚሰበስቡት ማስረጃ በእኛ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ማኅበራችን ይህን የአፈር መዝገብ ከየመሥሪያ ቤቱ አሰባስቦ ለጤና ቢሮዎችና ለዩኒቨርሲቲዎች የሚያስረክብ አንድ አነስተኛ ኮሚቴ እንዲያቋቁም በዚህ ጉባኤ ፊት አሳስባለሁ።

«ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው ወይ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጫማ ማደል የበጎ አድራጎት፣ ማጠብ የነርስ፣ ማስተማር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሥራ ነው ሊባል ይችላል። በዋሻ ሥራ ላይ ግን ለብናኙ አየር ማናፈሻ ስንነድፍ «ሳንባ የሐኪም ነው» ብለን አናውቅም። ብናኙን የምናስነሣው እኛ ስለ ሆንን መቆጣጠሩም የእኛ ነው እንላለን። እግርም ከሳንባ የሚለይበት ምክንያት የለም። ፕራይስም «አፈር የጂኦሎጂስት ነው፤ እኔ አጥንት ሐኪም ነኝ» ብሎ በቀዶ ጥገናው ክፍል ቢወሰን ኖሮ ያበጠ ሥጋ ሲቆርጥ ዕድሜው ባለቀ፣ በሽታውም ያለ ስም በቀረ ነበር። እርሱ የሙያውን አጥር ተሻግሮ ወደ እኛ ግቢ መጥቷል፤ ወሮታውን የምንከፍለው እኛም በበኩላችን ወደ እርሱ ግቢ ስንሻገር ነው።

ይህ በሽታ በዓለም ላይ ካሉት በሽታዎች ሁሉ የሚለይበት አንድ ነገር አለው። መነሻው ታውቋል፤ መከላከያው በየገበያው ይሸጣል፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አንድ ትውልድ ሙሉ በጫማ ካደገ ከዚያ ወዲያ አዲስ ሕመምተኛ አይኖርም። እንዲህ ያለ ዕድል ያለው በሽታ ብዙ የለም፤ ዕድሉ እያለ ካልተጠቀምንበትም ምክንያት የምናቀርብበት የለንም። ያቀረብኋቸውን አራት ነጥቦች ጉባኤው ተወያይቶ የሚጎድለውን ሞልቶ፣ የሚበዛውን ቀንሶ ውሳኔ እንዲሰጥባቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።